አፉታ እንዳይጠይቁ የከለከልኳቸው ሽማግሌ

እኔ ተወልጄ ባደግኩበት ወሎ፣ ሐጅ ለመሄድ የተነሳ ሰው ጓዙን ከመሸከፉ በፊት ቤት ለቤት ይዞራል። «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። ያስቀየመውንም፣ ያስቀየመው የማይመስለውንም ይጠይቃል። አባቴ ተራቸው ሲደርስ በድንበር ተጣልተው ለዓመታት የተኳረፉት ባላጋራቸው ደጅ ድረስ ሄደው፣ ሰውየው በሩን እስኪከፍት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልማረ የሚምር የለም። ይህን ፊደል ሳልቆጥር ነው የተማርኩት።

እንዲህ ካለ ቤት የወጣሁ ሴት፣ አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን አፉታ ሊጠይቁ ስልክ ይዘው ሲቀመጡ «ይቅርብዎ» ብዬ መለስኳቸው። ሰበብ አላጣም፤ ሰበብ ድሮም አጥቼ አላውቅም። ግን አጥፍቻለሁ፤ ያጠፋሁትም እያወቅኩ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጉልበቴ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ አጠገብ ኦቤትስ በሚባል ቦታ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት ካርቶን ሳነሳና ሳስቀምጥ ቆይቼ ቀኝ ጉልበቴ በቃኝ አለ። ሥራ ፈትቼ ቤት ስውል ያዘነችልኝ የድሮ ጎረቤቴ ናት። አዲስ አበባ አጥር ለአጥር ነበርን፤ እዚህም ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ከቤቴ ሦስት መንገድ ራቅ ብላ ትኖራለች። የምትሠራው አዛውንቶችን በየቤታቸው የሚንከባከቡ ሰዎችን በሚልክ ድርጅት ውስጥ ነው። «እትዬ፣ አፕላይ አድርጊ፤ ራይዱን እኔ እሰጥሻለሁ» አለችኝ። ፎርሙን ሞላችልኝ፤ የጣት አሻራ የሚሰጥበት ድረስ ወስዳኝ እስክጨርስ ውጭ ጠበቀችኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ይሄ ሥራ ላንቺ ነው፤ የሰው አያያዝ ታውቂበታለሽ» ስትለኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ለምን እንዳዞርኩ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የተላክሁት ጋሃና ወደሚባል የኮሎምበስ ዳርቻ፣ ከሆንግ ኮንግ የመጡ ሰማንያ የደፈኑ ሽማግሌ ዘንድ ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አእምሯቸው ግን ከኔ ይሻል ነበር። አብሯቸው የሚኖረው ወንድ ልጃቸው ኤርፖርቱ አጠገብ ቢሮ ይሠራል፤ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል፤ ከሃይና ከባይ ያለፈ ያወራንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሽማግሌውን ጋሼ እላቸው ነበር። ትርጉሙን ጠይቀውኝ ለታላቅ ወንድም የሚባል ነው ስላቸው ደስ አላቸው። እንግሊዝኛቸው ከኔ ቢሻልም ቀስ እያሉ ስለሚያወሩ በደንብ እንግባባለን።

መጀመሪያ ባለሱቅ የነበሩ መስለውኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተደግፈው የሚሄዱበትን ዎከራቸውን እየገፉ ሰፈር ውስጥ ስናዘግም የተሰነጠቀ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሙ። ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡና በዚያች በምትንቀጠቀጥ እጃቸው ቦታውን ጻፉ። ትንሽ አለፍ ብለን ጠራራ ፀሐይ ላይ የሚበራ የመንገድ መብራት አዩ፤ እሱንም ጻፉ። ቤት ስንገባ ከተማው ቢሮ ኮል እንዳደርግ አዘዙኝ። «ማን ነሽ ካሉኝስ?» ስላቸው «ነዋሪ ነኝ በይ፤ ነዋሪ የሚለውን ቃል ይፈሩታል» አሉኝ። ወር ሳይሞላ መንገዱ ተጠገነ። ጋሼ አዲሱ ሲሚንቶ ላይ ዎከራቸውን አቁመው፣ ሙሽራ እንደዳረ ሰው ፈገግ ብለው ጥቂት ቆዩ። እኔም በሆዴ፣ ይሄ ባለሱቅ አይደለም፣ ይሄ የቀበሌ ሰው ነው አልኩ። አመሉን የት እንደማውቀው አላጣሁትም።

«ጋሼ፣ ምን ነበር ሥራዎ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አምጪ አሉኝ። ውስጡ ፎቶ ነው። ብዙ ፎቅ ካለው ሕንፃ ሥር፣ የብረት መዝጊያ ያላት ጠባብ ቢሮ፤ በር ላይ የራሳቸው ፎቶ፣ ወጣት፣ ጸጉራቸው ጥቁር። በአካባቢያቸው ምክር ቤት ውስጥ አራት ጊዜ የተመረጡ፣ ሁልጊዜም ከመንግሥት ጋር የቆሙ ሰው ነበሩ።

አነሳሳቸው እንዲህ ነው። የአውቶቡስ ድርጅት ጸሐፊ ሳሉ የሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍት ተበላሸ፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጠፋና እሳቸው ጻፉ፤ ሊፍቱ ተሠራ። ጎረቤቱ የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር አደረጋቸው። ቀጥለው ከመንግሥት ጎን የሚቆሙት የፓርቲ ሰዎች መጡና «እኛ ጋ ይግቡ፣ ቢሮ እንሰጥዎታለን» አሏቸው። «ሐሳባቸውን ወደውት ነው የገቡት?» አልኳቸው። «ቢሮውን ወደድኩት» አሉኝ።

ቢሮዋን በየቀኑ ጠዋት እሳቸው ራሳቸው ይከፍቷታል። ማንበብ የማይችሉ አሮጊቶች የመብራት ደረሰኝና የሐኪም ቀጠሮ ይዘው ይመጣሉ፤ እሳቸው ያነባሉ፣ መልስ ይጽፋሉ፣ ስልክ ይደውላሉ። በበዓል ሩዝና ኬክ ያድላሉ። በዓመት አንድ ጊዜ አሮጊቶቹን አውቶቡስ አሳፍረው ባሕር ዳር ወስደው ምሳ ያበላሉ። የምርጫ ዕለትም ያው አውቶቡስ ይመጣል፤ አሮጊቶቹን አሳፍሮ ምርጫ ጣቢያ ያደርሳል፤ ሲወርዱ የጋሼ የምርጫ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት በየእጃቸው ትገባለች። ስብሰባ ላይ ከመንግሥት የመጣ ነገር ሁሉ እጅ ይወጣለታል። «ተቃውመው አያውቁም?» ብላቸው «አንድ ጊዜ» አሉኝ፤ «የአውቶቡሱን ፌርማታ ከአሮጊቶቹ ሊያርቁት ሲሉ።»

እኔ መሳቅ ጀመርኩ። ለምን እንደምስቅ ሲጠይቁኝ፣ አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። እኔም አዲስ አበባ የቀበሌ ሴት ነበርኩ። ምክር ቤት ገብቼ እጅ አውጥቻለሁ። አምስት አምስት ቤት እየቆጠሩ በአንድ ሰው ሥር ሲያደርጉን ጠርናፊ ሆኛለሁ፤ ማን ስብሰባ ቀረ፣ ማን አኮረፈ፣ ማን ቤት አዲስ ሰው ገባ እያልኩ ሪፖርት አቅርቤያለሁ። በሸማቾች ሱቅ በኩል የሚመጣው ስኳርና ዘይት ሲታደል ስም ጠሪዋ እኔ ነኝ። ጥሩም ሠርቻለሁ፤ የሰፈራችንን ቦኖ ውኃ ያስገባሁት፣ ወንዝ ዳር ያለው መንገድ ድንጋይ እንዲነጠፍበት ያደረግኩት በእግሬ ዞሬ ነው። እዚህ ኮሎምበስ ግን የአገር ልጅ የት ሰፈር ነበርሽ ሲለኝ ሌላ ሰፈር እጠራለሁ። ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ «ስኳርና ዘይት» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኛ ሩዝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ባልደረቦች ሆንን። ሾርባቸውን እያጠጣሁ ስለ ስብሰባ እናማለን፤ የበላይ አካል ስለሚባለው ፍጡር፣ ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ ስለሚሄደው። ከገዛ ባሌ ጋር እንኳ እንዲህ ተጫውቼ አላውቅም፤ አላህ ይዘንለት።

አንድ ቀን ግን ከቆርቆሮው ሥር የአንድ ትንሽ ልጅ ፎቶ ወጣ። እግሮቹ ወደ ውስጥ የዞሩ፣ ወፍራም ጥቁር ጫማ ያጠለቀ። እናቱ ቢሮዋን በነፃ የምታግዛቸው ሴት ነበረች። ልጁ በደንብ መራመድ እንዲችል የተለየ ጫማ ያስፈልገዋል ተብሎ፣ ጋሼ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ጽፈው አሰጡት። የጋሼ ሴት ልጅና እሱ አብረው አደጉ፤ ትምህርት ቤትም አብረው ነው የሄዱት።

ሆንግ ኮንግ ላይ ወጣቱ ሁሉ መንግሥትን ተቃውሞ አደባባይ በወጣበት ዓመት ሁለት ሰዎች ቢሮ መጡና ከድልድይ ላይ የተነሳ ቪዲዮ አሳዩዋቸው። የሚሮጡት ልጆች ፊት ሁሉ ተሸፍኗል። ሰዎቹ «ከዚህ ሕንፃ ነዋሪ የሚያውቁት አለ?» አሏቸው። ጋሼ አንዱን በእግሩ አወቁት። እግሩን የሚያውቁት ጫማውን ያሰጡት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ስሙን ተናገሩ።

ልጁ ዓመታት ተፈረደበት። ሴት ልጃቸው ማን እንደተናገረ ስትሰማ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ አሁን እንግሊዝ ናት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅዋን አልሰሙም። በዚያው ዓመት ምርጫ መጣ። አሮጊቶቹ እንደወትሮው በጋሼ አውቶቡስ ሄዱ፣ ወረቀቷንም ተቀበሉ፣ ገብተው ግን ሌላውን መረጡ። አንዷ ስትወጣ «ሩዝህ ጥሩ ነበር» አለቻቸው። ይህንን ሲነግሩኝ እንደወትሮው ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም።

እኔም ያን ቀን አልሳቅኩም። የኔን ግን አልነገርኳቸውም። የቀበሌ ሴትነቴን ነግሬ፣ የሆዴን በሆዴ ይዤ ቀረሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል ያገሬ ሰው።

በጋ እያለቀ ሲመጣ፣ አንድ ረቡዕ ገላቸውን አጥቤ ሶፋው ላይ ካስቀመጥኳቸው በኋላ ስልካቸውን ሰጡኝ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እንድይዝላቸው ነው። ለሴት ልጃቸው በቪዲዮ ሊናገሩ ይፈልጋሉ፤ እሷ ደግሞ ለታሰረው ልጅ እናት እንድታደርስላቸው። ወንድ ልጃቸውን ጠይቀውት «ሌት ኢት ጎ፣ ዳድ» ብሏቸዋል፤ ተወው ማለቱ ነው። ከመጀመራቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው «በእናንተ ሃይማኖት የበደለ ሰው ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ለመናገር ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር፤ ስልኩንም በትክክል ይዤዋለሁ።

እኔ ግን ስልኩን ዝቅ አደረግኩና «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አላሰሩም» አልኳቸው። «የፈረደው ዳኛ ነው። እርስዎ የተጠየቁትን መለሱ። አሁን አጠፋሁ ቢሉ ያ ሁሉ ዓመት ምን ሊባል ነው? ሊፍቱ፣ ፌርማታው፣ ለአሮጊቶቹ ያነበቡት ደብዳቤ ሁሉ፣ ውሸት ነበር ሊባል ነው? ልጅዎትም ብትሆን ይቅር አትልም፣ ቁስል መቀስቀስ ነው የሚሆነው። ይቅርብዎ።»

ምላሴ እንዲያ ሲፈታ ራሴን ሰማሁት። ስብሰባ ላይ ያኮረፈ ሰው ሳግባባ የነበረው ድምፄ ነው፤ ዓመታት ሙሉ ያልተጠቀምኩበት፣ ምንም አልዛገም። ጋሼ «አንቺ ሥራውን ስለምታውቂው ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም» አሉኝ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እፎይ አልኩ። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፤ ያን ዕለት ሾርባ እየሠራሁ አንጎራጉር ነበር።

እፎይ ያልኩት ለእሳቸው አይደለም። እሳቸው በደለኛ ከሆኑ እኔም መሆኔ ነው።

ያቺ ፎርም የሞላችልኝ ጎረቤቴ፣ አዲስ አበባ ሳለን አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። «እትዬ፣ እንግዳ አለብኝ፤ የልጄ ጓደኛ ነው፤ ስኳር አንድ ኪሎ ብትጨምሪልኝ» አለችኝ። ጨመርኩላት። በሳምንቱ ሪፖርት ሳቀርብ «እነ እገሌ ቤት አዲስ ሰው ገብቷል» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ቅጹ ላይ አዲስ ሰው የሚል መስመር ነበር፤ ባዶ እንዳይሆን ሞላሁት። እንግዳው በመንግሥት የሚፈለግ ልጅ ኖሯል። በማግሥቱ መጥተው እሱንም የእሷን ልጅም ወሰዱ። ልጇ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበር፤ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተፈታ፤ ወደ ትምህርቱ ግን አልመለሱትም። እሷ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ፣ ሰልፉ ላይ አብሬያት የምቆመው እኔ ነበርኩ። ማን እንደተናገረ አላወቀችም። ዛሬ ልጇ አሜሪካ ትራክ ይነዳል። በየዒዱ አዳራሽ ውስጥ ስታገኘኝ ትከሻዬን ስማ «እትዬ፣ በክፉ ቀኔ ያልተለየሽኝ» ትለኛለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ የወጋሁት አልረሳሁም፣ የተወጋችው ግን አመሰገነችኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጋሼን ስትሮክ መታቸው። ጠዋት ስገባ ልጃቸው አምቡላንስ ጠርቶ መሬት ላይ አጠገባቸው ተንበርክኳል። ነፍሳቸው ተረፈች፤ አንደበታቸው ተዘጋ። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ግራ እጃቸውን አንስተው ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ስልክ እንደያዘ ሰው። ነርሷ ጆሯቸውን ያመማቸው መስሏት መረመረችው። እኔ ገብቶኝ ነበር። ለልጃቸው ነገርኩትና ያን ዕለት እህቱን ኮል አደረጋት።

ሴት ልጃቸው በሦስተኛው ቀን ደረሰች። ቀጭን፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የአባቷ ግንባር ያላት ሴት። ገብታ አየቻቸው፣ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«የምትንከባከቢው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ስለ እኔ አንስቶ ያውቃል?»

ቀላል መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜ ያነሱሻል፣ ይወዱሽ ነበር ብዬ እጇን ይዤ ማልቀስ እችል ነበር፤ ያም ውሸት አይደለም። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ እውነቱን ነገርኳት። ሊያናግሩሽ ስልክ ይዘው ተቀምጠው ነበር፣ አፉታ ሊጠይቁ፣ የልጁንም እናት ሊያስጠይቁ፤ ይቅርብዎ ብዬ ያስተውኳቸው እኔ ነኝ አልኳት።

«ስልኬን እኮ ለዓመታት ከአጠገቤ አላራቅኩም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሰው። ቀጥላ «ለምን?» አለችኝ።

ለምን ለሚለው ጥያቄ ስለ ስኳሩ መናገር ነበረብኝ። በሰባራ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት፤ አጥሩን፣ አንዱን ኪሎ፣ ቅጹን። ከወላጅ እናቴ የደበቅኩትን ስሟን እንኳ ለማላውቃት የሰው ልጅ ዘረገፍኩላት። ታጽናናኛለች ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው መጽናናት ይፈልጋል።

«ሴትየዋ በሕይወት አለች?» አለችኝ።

«አለች። ከቤቴ ሦስት መንገድ ነው የምትኖረው።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሳትቆጣ ነው ያለችው። ተነስታ ወደ አባቷ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ የማወቅ መብትም የለኝም። በበሩ መስታወት በኩል ሳያት፣ ያቺን የምትንቀሳቀስ እጃቸውን ይዛ ጆሮዋ ላይ አድርጋት ነበር። ጋሼ በዚያው ሳምንት አረፉ።

እኔ ያን ዕለት ከሆስፒታሉ ወጥቼ በቀጥታ ፎረስት ፓርክ ሄድኩ። ጎረቤቴ ቤት በር ላይ መኪና አቁሜ መውረድ አቃተኝ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። በመስኮት አይታኝ ነጠላ ጫማ አጥልቃ ወጣች።

«እትዬ፣ ምነው ውጭ ቆምሽ? ዛሬ ሺፍት የለሽም እንዴ? ግቢ እንጂ» አለችኝ።

«አፉ በይኝ» አልኳት፣ እዚያው፣ የመኪናው በር እንደተከፈተ።

«ስለ ምኑ?» አለች እየሳቀች። «ደግሞ ሐጅ ልትሄጂ ነው?»

ነገርኳት። ረጅም አልነበረም፤ ለእንግዳዋ ሴት ኮሪደር ላይ ስነግራት ረዝሞ ነበር፤ ለሐቁ ባለቤት ስነግራት ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። ስኳር ጠየቅሽኝ። እንግዳ እንዳለሽ ያወቅኩት በዚያ ነው። የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ሳቋ ፊቷ ላይ ጥቂት ቆየ፤ ማንሳት የረሳችው ይመስል ነበር። መሬት መሬቱን አየች። ልትመታኝ ወይ ልትረግመኝ ጠበቅኩ፤ ሁለቱንም እፈልገው ነበር። እሷ ግን መኪናው ላይ ተደግፋ «ሰልፉ ላይ አብረሽኝ ቆመሽ ነበር» አለች። «ፀሐይ ሲበረታ ጃንጥላሽን ሰጥተሽኝ ነበር።»

«አዎ» አልኩ።

«እኔ የራሴን አፉ ልልሽ ወይ አልልሽ ገና አላውቅም» አለች። «የልጄን ግን እኔ አልችልም፤ ሐቁ የእሱ ነው።» ከቀሚሷ ኪስ ስልኳን አውጥታ ደወለች። መጥራት ሲጀምር ለእኔ ሰጠችኝና ወደ ቤቷ ገባች። በሩን ክፍት ትታዋለች።

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ለጋሼ እንደዚያ ልይዝላቸው ይገባ ነበር። ልጁ መንገድ ላይ ነው፤ ከበስተጀርባው የትራኩ ሞተር ይሰማል።

«ሄሎ፣ እማዬ» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

«እናትህ አይደለሁም» አልኩትና ስሜን ነገርኩት።